ክዳኑ እሷ ጋ ነው

ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ባለቤቴ ሌላ አመጣ። በልጄ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደ በሽተኛ አቅፎ፣ በጓሮ በር አስገባው። በፊት ለፊት በር ያላስገባው እኔ እንዳላይበት ነው። ጓሮ ልብስ እያሰጣሁ መሆኔን ግን ረስቶታል። ፊት ለፊት ተፋጠጥን።

«ለመለዋወጫ ነው» አለ፣ ሳልጠይቀው።

«ምን አልኩህ?»

«ምንም አላልሽም። ዝም ስትዪ ነው የምፈራሽ።»

የድሮ የከሰል መጥበሻ ነው፤ ፍሙ ሆዱ ውስጥ፣ ሥጋው ፍርግርጉ ላይ የሚሆንበት፤ እንደ ሌሎቹ። ማለቴ፣ እንደ ሌሎቹስ አይደለም። ሆዱ ክብ ነው፤ ሦስት እግር አለው፤ የእግሮቹ ጫፍ እንደ ወፍ ጥፍር መሬቱን ይቆነጥጣል። ጥላሸቱን በጣቴ ጠረግ ሳደርገው ከሥሩ ሰማያዊ ወጣ። ብረቱ ላይ እንደ መስታወት የተጋገረ፣ እንደ ጥሩ ሰሃን የሚያንጸባርቅ ልባጥ። እንዲህ ያለ ሰማያዊ አይቼ አላውቅም። ክዳን የለውም።

«ክዳኑ አለ» አለ ባለቤቴ። «አንዲት ፀጉር ሠሪ ጋ ነው። ግድግዳዋ ላይ ሰቅላዋለች። አትሸጥም።»

«አትሸጥም» ሲል ፈገግ አለ። የማይሸጥ ነገር ምኑ ያስቃል?

እየዘፈነ እጁን ታጠበ። እሱ ዘፍኖ አያውቅም።


ሰኞ

ለቆራጯ ነገርኳት። መናገር አልነበረብኝም። መጋረጃ ቤቱ ውስጥ እሷ ጨርቅ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ። ምላሷም እንደ መቀሷ ነው፤ ያገኘውን አይምርም።

«እስቲ ልረዳው» አለች፣ መቀሱን አስቀምጣ። «ሆዱ እናንተ ጋ ነው። ክዳኑ ሴትዮዋ ጋ ነው።»

«አዎ።»

«ባልሽስ ማን ጋ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። የሚያናድደኝ አብሬ መሳቄ ነው። እስከ ማታ መርፌው እየደጋገመ ወጋኝ።


ማክሰኞ፣ ማታ

ዝናቡ ገባ። እሱ ተኝቷል።

ነገሩ እንዴት እንደጀመረ ልጻፈው፤ ከጻፍኩት ምናልባት ይገባኛል። ፊደል የለየሁት ጨርቅ ተጠቅልሎበት በሚመጣ የጋዜጣ ቁራጭ ነው። ስለዚህ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ነገር ማንበብ አልለመድኩም፤ ሁልጊዜ የሚደርሰኝ መሐሉ ነው። የዚህን ግን መጀመሪያውን አውቀዋለሁ።

የመጀመሪያው ለችግር ነበር። ባለቤቴ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነው። ከወዳደቀ ብረት መሐል አንድ እግሩ የጠፋ መጥበሻ አገኘና እግር በየደለት። በቆሎ ጠበስንበት፤ ደስ አለን። ሁለተኛውን ለመለዋወጫ ገዛ። ቤት ሲደርስ ግን ከመጀመሪያው የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ ማን ጨክኖ ይቆርጠዋል? ስለዚህ ለመለዋወጫ ሦስተኛ አስፈለገ። የሦስተኛው ፍርግርግ እንደ ሹራብ በእጅ የተጠለፈ ሽቦ ነበር፤ «እንዲህ ያለ ዛሬ የሚሠራ የለም» ተባለ። ከዚያ ወዲያ ምክንያት ቀረ። ሰው ሦስት ከያዘ በኋላ «እንትን የሚባለው የለኝም» ማለት ይጀምራል። ምንም የሌለው ሰው አንዳች አይጎድለውም። ጥቂት ያለው ነው የሚጎድለው።

በሽታ ነው። ጋራዥ ያሉት ጓደኞቹ አንድ በአንድ ተይዘዋል፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ያስነጥሳል። የአንዱን አይቶ ሌላው እንቅልፍ ያጣል። «የሱ ማናፈሻው ይሽከረከራል፣ የኔ ግን…» እያለ ይገላበጣል።

እኔን አልያዘኝም። እኔ የማጸዳቸው ጥላሸቱ ልብስ ስለሚያበላሽ ነው። ዝገት በብረት ብሩሽ ይፈገፈጋል። ልባጥ ያለውን ግን ብሩሽ ሊነካው አይገባም፤ አመድና እርጥብ ጨርቅ ነው፣ ክብ ክብ እያደረጉ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ዘይት፤ ትንሽ፣ በጣት። ዛሬ ሰማያዊው ላይ ትንሽ ቆየሁ። ወጥ አረረብኝ። ከጥላሸቱ ሥር፣ ከንፈሩ ዙሪያ፣ ነጭ መስመር ወጣ። ቀጭን ነው፤ ሰው በእጁ ያሰመረው። አንድ ቦታ ላይ የሰውየው እጅ ተንቀጥቅጦ መስመሩ ወፈር ብሏል።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ራሱ ያግኘው።


ሐሙስ

ፀጉሬን ልታጠብ ሄድኩ። ፀጉር መታጠብ ያለ ነገር ነው።

ቤቷ ጠባብ ነው፤ ሁለት ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ከኋላ በመጋረጃ የተከለለ ጓዳ። መጋረጃው መጥፎ ተሰፍቷል። ጭንቅላቴን ወደ ኋላ ስታጋድመው ክዳኑ ልክ ከዓይኔ በላይ ሆነ።

ከኛው የበለጠ ሰማያዊ ነው፤ ጭስ ብዙ አልነካውም። መያዣው እንጨት ነው፤ እጅ እንዳያቃጥል ሥሩ በሽቦ ተጠምጥሟል። አናቱ ላይ ያለው ማናፈሻ እንደ አበባ ነው፤ ቅጠሎቹ ሲዞሩ ቀዳዳዎቹ ይከፈታሉ። ጠርዙ ላይ ነጩ መስመር አለ። አንድ ቦታ ላይ ወፍሯል። ያው እጅ ነው። አንድ ሰው አንድ ቀን ሁለቱን ገጥሞ አስቀምጦ፣ ባንድ ትንፋሽ ነው ያሰመራቸው። ይህን ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሳሙናው ነው።

ሴትዮዋ ወፍራም ናት። ስለሷ ይሄ ይበቃል።

«ዓይንሽን ጨፍኚ እንጂ እህቴ» አለችኝ። «ሰው ሁሉ ሲታጠብ ይጨፍናል፤ አንቺ ታፈጫለሽ።»

«የሚያምር ነገር ነው» አልኩ፣ እንደማያውቅ ሰው።

«ባሌ ነው ያመጣው፣ ነፍሱን ይማርና። እሱ ሲሞት ወንድሙ መጥቶ ሆዱን ወሰደ። ሥጋ አይበላ፣ ጥርስ የለው! ለምን ወሰደው? እኔን ለማሳረር። እኔም ክዳኑን ደበቅኩት። በል እንግዲህ ራቁቱን ይዘኸው ክረም አልኩ። ከረመ፣ ከረመና ለብረት ነጋዴ ሸጠው።» ውሃ ደፋችብኝ። «አሁን አንድ በያጅ ጋ ነው። ሰውየው ይመጣል፣ ቆሞ ክዳኑን ያያል፣ አይነካውም። ጨዋ ነው።»

«ሚስት የለውም?» አልኩ።

«አለችው። ዝምተኛ ናት ይላል።»

ሌላ ምን እንደሚል አልጠየቅኳትም። እጄ ላይ የተንጠባጠበውን ውሃ በፎጣ ስታደርቅልኝ ጣቶቼን አየት አደረገችና «ደግሞ ነይ» አለች።

መንገድ ላይ ሳስበው፣ ሆዱ በመብት የሷ ነው ሊባል ይችላል። አይባልም። የተሸጠ ተሸጠ።


እሑድ

ፀጉሩን ተቆርጦ መጣ።

ከተጋባን ጀምሮ ፀጉሩን የምቆርጠው እኔ ነኝ። ጓሮ፣ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ አድርጌ። ከጆሮው ኋላ ያለችውን ጠባሳ እንዴት እንደማልፋት የማውቀው እኔ ነኝ። ዛሬ ጠባሳዋ ወለል ብላ ትታያለች።

«ወረፋ አልነበረም» አለ።

ወረፋ አልነበረም! እኔ ጋ ወረፋ ነበር?

ራት አቀረብኩ። እሱ በላ። እኔ አንገቱን ሳይ ቆየሁና «ስለ ክዳኑ ምን አለችህ?» ብዬ ጠየቅኩት። ልጠይቀው የነበረው ስለ ፀጉሩ ነው።


ማክሰኞ

ሆቴል ያዘዘን መጋረጃ ነገ ይሰጣል። ጊዜ የለም። ቆራጯ ስለ ፀጉሩ ሰምታለች፤ ከማን እንደሰማች እንጃ፤ ከኔ ይሆናል።

«ከአንገት በላይ ጀምራለች» አለች። «ወደታች እንዳትወርድ ጠብቂ።»

አልሳቅሁም። እጥፋቱ ተዛብቶብኝ እንደገና ፈታሁት።


ዓርብ

ልጄ ነርስነት ትማራለች፤ ሰው ሁሉ በሽተኛ ይመስላታል። ከመጥበሻዎቹ መደርደሪያ ሥር ቁጭ ብዬ ስወለውል መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

«እማ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከማንም።»

«‹አይዞህ› ስትዪ ሰማሁሽ።»

«እግሬን ነው» አልኳት። «ደንዝዞብኝ ነው።»

ማታ በስልክ ከጓደኛዋ ጋር ስታወራ ሰማኋት፤ «አባቴንስ ተይው፤ እናቴ ናት የባሰባት።» ምን እንደባሰብኝ አልሰማሁም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። ወገቤን ማለቷ ይሆናል።


ሰኞ

በምሳ ሰዓት ብረት ተራ ሄድኩ። እሱ ምን እንደሚያይበት ለማየት ብቻ ነው። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ነው፤ ጎማ፣ የመኪና በር፣ የተጣመመ አልጋ። ከአልጋው ሥር ተጣጥፎ እንደ ሳጥን የሚሸከሙት ትንሽ መጥበሻ አየሁ፤ መንገደኛ የሚይዘው ዓይነት። ማጠፊያው ዝጎ ነበር፤ በምራቄና በቀሚሴ ጫፍ ሳሸው ተከፈተ። ተከፈተ! እጄ ውስጥ እንደ ወፍ ክንፍ።

«ለባልሽ ነው?» አለ ነጋዴው።

«ለራሴ» አልኩ። አፌን አዳልጦኝ ነው።

ከጨርቅ ቁርጥራጭ ከረጢቴ ሥር ደብቄዋለሁ። ይሄ መሰብሰብ አይባልም። አንድ ነው።


ረቡዕ

ሁለተኛውን ያመጣሁት ለመለዋወጫ ነው።


ቅዳሜ፣ ማታ

እንዲህ ሆነ። ራት በልተን ልጄ ወደ ክፍሏ ከገባች በኋላ ባለቤቴ ብርጭቆውን በጠረጴዛው ላይ ሲያሽከረክር ቆየና «ሰማያዊውን ልሰጣት ነው» አለ።

«ለማን?» አልኩ፤ ለማን እንደሆነ እያወቅሁ።

«ለፀጉር ሠሪዋ። የባሏ ነው። የባሏ ወንድም ቀምቷት ነው የሸጠው። እኔ ክዳኑን ባየሁ ቁጥር ሌባ ሌባ እሸታለሁ። አንድ ቦታ ሙሉ ሆኖ ይቀመጥ። እሑድ ሳምንት እወስድላታለሁ።»

«እኔ ነኝ ያጸዳሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ነጩን መስመር ያወጣሁት እኔ ነኝ! አንተ እንኳ አላየኸውም።»

«የምን ነጭ መስመር?»

አየህ! ልለው ፈለግኩ። ያላየውን ነገር ነው እሱ የሚሰጠው። የማያውቀውን ነው የሚሰጠው። ድምፄ ሲወጣ የኔ አልመሰለኝም፤ ልጄ በሯን ገርበብ ስታደርግ ሰማሁ።

«እሺ ውሰደው» አልኩ። «አንተም አብረኸው ሂድ። ፀጉርህን እንደሆነ አስረክበሃል።»

ባለቤቴ ትኩር ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። መቆጣት ነበረበት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «የምትቀኚው በኔ ነው ወይስ በመጥበሻው?»

ይሄ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!  ገብቶ ተኛ። እኔ ወጥቼ ሰማያዊውን ዘይት ቀባሁት፤ እርጥበቱ እንዳይጎዳው።

ከሄደ ግን ምን አደርጋለሁ? እውነት ከሄደስ? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ትዳሬን በገዛ አፌ በር ላይ አስቀመጥኩት። ነገ «ሂድ ያልኩህ ከአንጀቴ አይደለም» እለዋለሁ።


እሑድ

አላልኩትም። ቶሎ ወጣ።


ሐሙስ

አሁንም አላልኩትም። ሰላምታ ብቻ ነው። ጨው አቀብዪኝ። ዝናቡ አባራ። ጠርዙ የተቀመቀመ አራት ማዕዘን ጨርቅ ሰፍቼ አለበስኩት፤ ሆዱን ማለቴ ነው። ሲወሰድ እንዳይጫር።


እሑድ፣ ማታ

 ልጻፈው፤ ሳይጻፍ አያስተኛኝም።

ዛሬ ነበር የሚወስድላት። ጠዋት «ጋሪ ላምጣ» ብሎ ወጣ። ልጄ ለልምምድ ሆስፒታል ሄዳ ነበር። ሆዱ ጓሮ፣ ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ አጠገብ፣ ጨርቁን ለብሶ ተቀምጧል። ጨርቁን አነሳሁለት። ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ከስንት ቀን በኋላ። ሰማያዊው አበራ።

እንዲህ አሰብኩ፦ እኛ ቤት ገብቶ አንድ ቀን እንኳ እሳት ሳያይ ይሂድ? ነገ እሷ ትጠብስበታለች። እሱ ይጋበዛል። «የመጀመሪያው እሳት ነው» ብለው ይደሰታሉ። አይሆንም። የመጀመሪያው እሳት የኔ ይሁን። ከዚያ ይውሰዱት።

ልባጥ ያለው አሮጌ መጥበሻ ላይ እሳት እንደማይለኮስ አውቃለሁ። ሰብሳቢ ሁሉ ያውቃል፤ ባለቤቴ ለእንግዳ ሁሉ የሚናገረው ነው። ግን ከሰሉን በጥቂቱ አደረግኩት፤ ፍሙ እስኪነጣ አራገብኩት፤ አንድ በቆሎ ብቻ ጣል አደረግኩበት። ምንም አልሆነም። ሰማያዊው ሲሞቅ ጠቆር እያለ፣ እየጠለቀ ሄደ፤ ማታ ላይ እንዳለ ሰማይ። ሲሞቅ እንዲህ እንደሚሆን ማን ያውቃል? እሱ አያውቅም። እሷም አታውቅም ይሆናል። ካወቅኩት የኔ ነው ብዬ ቁጭ ብዬ አየሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት የተደሰትኩበት… ይቅር።

የውጪው በር ተንኳኳና ድምፃቸውን ሰማሁ። የሱን ሳቅ። የሷን ሳቅ። ሁለቱ አብረው።

ሳያዩት ላቀዝቅዘው ብዬ ነው። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። እምላለሁ፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ከገንዳው የልብስ ማለቅለቂያውን ውሃ በባልዲ ቀድቼ ደፋሁበት።

የሰሃን መደርደሪያ የወደቀ መሰለኝ። እንፋሎቱ ፊቴን ገረፈው። ሲገለጥ ሰማያዊው መሬት ላይ ነበር፤ እንደ እንቁላል ቅርፊት፣ ግድግዳው ሥር ድረስ፣ የተሰጣው አንሶላ ላይ ሁሉ። ሆዱ ከከንፈሩ እስከ እግሩ ተሰንጥቋል።

ገቡ። ባለቤቴ ፊት ፊት ነበር፤ ቆመ። ፀጉር ሠሪዋ ከኋላው በፎጣ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ታቅፋለች።

 ባለቤቴ ቁጢጥ ብሎ ስብርባሪውን በመዳፉ መልቀም ጀመረ። እሷ ፎጣውን ፈታችና ክዳኑን አወጣች። መጥታ፣ እንፋሎቱ ሳይቆም፣ ሆዱ ላይ አስቀመጠችው። ድምፅ ሳያሰማ ተቀመጠ። በተረፈው ጠርዝ ላይ ወፍራሙ መስመር ከወፍራሙ መስመር ጋር ተገናኘ። ሦስታችንም አየነው። ከዚያ አንስታ ጠቀለለችው።

«ጓሮሽ ያንሸራትታል፤ ተጠንቀቂ» ብላኝ ሄደች። 

«ላንቺ ነበር ያመጣችው» አለ ባለቤቴ፣ ቀና ሳይል።

«ምኑን?»

«ክዳኑን። ሆዱን ልወስድላት ስል ‹ተወው፣ እኔ ክዳኑን ይዤ ልምጣ› አለችኝ። ‹ብዙ ሰው ቆሞ አይቶታል፤ ሚስትህ እንዳየችው ግን ማንም አላየውም።› ብላ።»

«ሚስትህ መሆኔን በምን አወቀች?»

«ፀጉርሽን ስታጥብሽ ጥፍርሽ ውስጥ ጥላሸት ነበር አለች።»

ስብርባሪውን የታጠበ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተ። ተነሳ፣ ጃኬቱን አነሳ፣ ወጣ። በሩን አላላተመውም። ቢያላትመው ይሻለኝ ነበር።

በቆሎው አመድ ውስጥ ነው። ግማሹ በስሏል።


ሰኞ

አልመጣም።


ማክሰኞ

አልመጣም። ልጄ «አባ ደህና ነው፣ ደውሎልኛል» አለችኝ። የት እንደሆነ ጠየቅኳት። «ራስሽ ጠይቂው» አለች። የልጄን ፊት እንዲህ አይቼው አላውቅም።

የት እንደሆነ አውቃለሁ። ሌላ የት ይሄዳል? ፀጉሩን ያስረከበበት ነው። መስፊያው ላይ ስቀመጥ ይታየኛል፤ ያ ወንበር፣ ያ ጠባብ ጓዳ፣ እሷ ስትስቅ። ያ በመጥፎ የተሰፋ መጋረጃ። ቆራጯ ዛሬ አንድም ቀልድ አልቀለደችም። ይሄ ነው ያስፈራኝ።


ረቡዕ

ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቅሁ። ስታየኝ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች።

«ባልሽን ፍለጋ ከሆነ እዚህ የለም። መጋረጃውን ግለጪና እይ፤ አትፈሪ።»

ጨዋ ሴት አትገልጥም ነበር። ገለጥኩት። የፎጣ ክምር ነው።

ከመስታወቱ በላይ ያለው ግድግዳ ባዶ ነው፤ ክብ ንጹሕ ቦታ ብቻ።

«ክዳኑስ?» አልኩ።

ሴትዮዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እስክታለቅስ ሳቀች፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «አየሽ? ባልሽን በዓይንሽ ብቻ ፈለግሽው፤ ክዳኑን ግን አፍ አውጥተሽ ጠየቅሽ! ስሚ እህቴ፣ እኔ አንድ ባል ቀብሬአለሁ፤ ሌላ አልፈልግም። ያንቺ ደግሞ ፀጉሩ ሲቆረጥ ያንኮራፋል። ምን ላደርገው?»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ሌላ የማውቀው ቃል አልነበረም። «ሆዱን… ሳላስበው ነው።»

ሳቋን ጠረገች። «ሳታስቢው አይደለም። ቀንተሽ ነው። እኔም በባሌ ወንድም ቀንቼ አንድ ሙሉ ነገር ሁለት ቦታ አስቀምጬ ኖርኩ፤ ምን አፍ አለኝ?» ፎጣ አነሳች፣ አጠፈች፣ ዘረጋች። «ይቅርታሽን አልፈልገውም። የሰበርሽውን ትፈልጊልኛለሽ።»

ከዚያ ነገረችኝ። አንዲት ደንበኛዋ፣ የአውቶቡሱ መስመር የሚያበቃበት ከተማ፣ አንድ አሮጌ የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ውስጥ ሰማያዊ ክብ ብረት አይታለች፤ አበባ ተክለውበታል። እግሩ እንደ ወፍ ነው ብላታለች።

«ብቻዬን ብሄድ ማንኛውንም ሰማያዊ ባልዲ ተሸክሜ እመጣለሁ» አለች። «ያንን መስመር የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

«ከተገኘስ የማን ነው?»

«የሰብሳቢ ደንብ ነዋ። ዓይኗ ቀድሞ ያረፈበት ትወስዳለች።»


ሐሙስ

ከሥራ በፊት ጋራዥ ሄድኩ። ንጹሕ ሸሚዝ፣ ዳቦና ሻይ ይዤ። ዘበኛው ጎማ ወደሌለው አውቶቡስ በአገጩ አመለከተኝ። ባለቤቴ የኋላው ወንበር ላይ ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር፤ እግሩ አልበቃ ብሎት በመተላለፊያው ተንጠልጥሏል። እስኪነቃ ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ተቀመጥኩ።

«ምን ፈልገሽ መጣሽ?» አለ።

«አንተን» አልኩ። ቶሎ አልወጣልኝም። ለምን ቶሎ እንዳልወጣልኝ እንጃ፤ ብርዱ ይሆናል።

ሻዩን ተቀበለኝ። «ስለ መጥበሻው አይደለም የከፋኝ» አለ። «ብረት ነው፤ ይሰበራል። ‹አብረኸው ሂድ› አልሽኝ። እንደ መለዋወጫ ዕቃ ከመጥበሻ ጋር ጠቅልለሽ ሰጠሽኝ።»

«ከአንጀቴ አልነበረም።»

«ያን ማታ ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ…»

«አፌ ቶሎ አይታዘዝልኝም፤ ታውቃለህ።»

«ያን ለታ ግን ታዘዘልሽ» አለ፤ የከንፈሩ ጥግ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ዳቦውን ቆርሶ ግማሹን ሰጠኝ። ያ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ፣ የትም የማይሄድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ቁጭ ብለን በላን። እጁን ያዝኩት። የበያጅ እጅ ነው፤ ሻካራ። ረስቼው ነበር።

ማታ ቤት ገባ። ልጄ ስታየው ወንበሩን ሳበችለት። ስንበላ «እኔ ከእንግዲህ ትቼዋለሁ» አለ። «አንድም አልጨምርም። ይበቃኛል።» ደስ አለኝ፤ ለጤናው ነው። ብሩሾቹንና የዘይቱን ጠርሙስ ወደኔ መሳቢያ አዛወርኳቸው፤ የሚነካቸው ከሌለ እንዳይበላሹ።

ስለ እሑዱ መንገድ ነገርኩት። ሹካውን አስቀመጠ።

«ከሷ ጋር? ሁለታችሁ?»

«የሰበርኩትን ልፈልግላት ነው።»

«ለሷ?» አለ ልጄን እያየ። ልጄ ወደ ሰሃኗ አጎነበሰች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። በዚህ ዘመን ልጅ በምን እንደሚስቅ አይታወቅም።


እሑድ፣ አውቶቡስ ውስጥ

ጽሕፈቴ የሚንገዳገደው በመንገዱ ነው።

ባለቤቴ እስከ መናኸሪያው ሸኘን። ቦርሳዋን ተሸከመላት፣ ደጋግፎ አሳፈራት፣ «እንዳያንገላታሽ» አላት። ምንም አልመሰለኝም። እውነቴን ነው፣ ቅንጣት አልመሰለኝም፤ ሰው ለሰው እንዲህ ነው። ግን ቀድማ ገባችና መስኮቱ ጋ ተቀመጠች።

«ነፋስ ልቀበል» አለች።

ነፋስ! ማረፊያው ከመንገዱ በስተግራ እንደሆነ፣ ግቢው ከአውቶቡስ ላይ እንደሚታይ የነገረችኝ ራሷ ናት። መስኮቱም በግራ ነው። እኔ ከሷ ትከሻ ወዲህ ተቀምጬ የማየው የሰው ማጅራት ነው። አንዲት ሴት ይህን ያህል ተንኮል ከየት ታመጣለች? ደህና ሰው መስላኝ ነበር። ደህና ሰው ናት። ክዳኑን በፎጣ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛዋለች፤ ለመለካት ነው አለች። ጉድጓድ በገባን ቁጥር አጥብቃ ታቅፈዋለች። አንድ ጊዜ «ልያዝልሽ?» አልኳት። «አይከብደኝም» አለች።

መንገዱ ረጅም ነው። ሙቀቱ ጨመረ። ስለ ባሏ ታጫውተኝ ነበር፤ ወሬዋ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ቆመ። አሁን ተኝታለች። ጭንቅላቷን መስታወቱ ላይ አስደግፋ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ። ሌሊቱን በሙሉ አልተኛሁም ብላኛለች፤ ደስታው ነው።

ወደፊት ዘንበል ካልኩ፣ ከአገጯ በታች መስኮቱ በደንብ ይታየኛል። አጥሮች መጡ። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች መጡ። ረዳቱ የከተማውን መግቢያ ጮክ ብሎ ጠራ፤ አልሰማችም።

የደከመው ሰው አይቀሰቀስም። ደብተሩን ልክደነው፤ አሁን ሁለቱም ዓይኖቼ ያስፈልጉኛል።